«ሲዲውን ይጫኑ» ሲባል ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ለአማቴ ሲዲ፣ ሬዲዮና ካሴት አንድ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ ገዛሁላቸው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍኩላቸው። «ሲዲውን ይጫኑ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሲዲውን በጣታቸው ተጫኑት። እኔ «ያስገቡ» ማለቴ ነበር። «ማጫወቻውን ይክፈቱ» ያልኩትንም ሲያነቡ ክዳኑን አነሱ። ለመሆኑ ሬዲዮ ይከፈታል ወይስ ይበራል? ከሬዲዮ ወደ ካሴት ሲሆንስ «መቅዳት» ነው «መቅረጽ»?

መልስ፦ አማትዎ ያነበቡት ልክ ነው። እርስዎ የጻፉትም የአማርኛ ስህተት የለበትም። ችግሩ «ይጫኑ» ወረቀት ላይ አንድ ቢመስልም ሁለት ቃል መሆኑ ነው። አንዱ ከ«ጫነ» ይመጣል፤ ዕቃ ጫነ እንደምንለው። ሌላው ከ«ተጫነ» ይመጣል፤ ቁልፍ ተጫነ እንደምንለው። በመጀመሪያው «ጫ» ላልቶ ይነበባል፣ በሁለተኛው ጠብቆ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ስለዚህ አፍ ላይ በደንብ የሚለዩት ሁለቱ ቃላት ሲጻፉ አንድ ሆነው ቁጭ ይላሉ። «ገና» የሚለውን ቃል ብቻውን ቢያገኙት በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለው እንደማያውቁት ማለት ነው።

የሚገርመው ነገር ችግሩን ያመጣው አክብሮቱ ነው። ለጓደኛዎ ቢጽፉ ኖሮ «ጫን» እና «ተጫን» ይሉ ነበር። ለብዙ ሰውም «ጫኑ» እና «ተጫኑ» ብለው ይለዩታል። «ተ» ፊት ለፊት ስለቆመች ማንም አይሳሳትም። «አንቱ» ሲሉ ግን «ተ» ትወድቃለች፤ በእሷ ፈንታ «ጫ» ትጠብቃለች። ዓይን ያንን መጥበቅ አያይም። «አይጫኑ» ብለው በአሉታ ቢጽፉም አያመልጡም፤ እሱም በሁለት ይነበባል። «መጫን» ራሱ እንደዚያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዚህ ወረቀት ላይ «ይጫኑ»ን ለቁልፍ ብቻ ይተውት። ለሲዲ «ያስቀምጡ»፣ ለካሴት «ያስገቡ» ይበሉ። ሁለቱን መለየትም ጥቅም አለው። ካሴት በር ወዳለው ቤቱ ይገባል። ሲዲ ግን በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ማጫወቻዎች ላይ ክዳኑ ተነስቶ ከላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አማትዎን ትንሽ ልከላከልላቸው። አንዳንድ ማጫወቻ እምብርቱ ላይ ሲዲውን የሚይዙ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። በእነዚህ ላይ ሲዲውን አስቀምጦ መሃሉን ጫን ማድረግ የግድ ነው። ጥርስ የሌላቸው ደግሞ አሉ፤ በእነሱ ላይ ሲዲውን የሚይዘው ክዳኑ ሲዘጋ ከላይ የሚያርፈው ክፍል ነው። የእርስዎ ባለጥርስ ከሆነ እንዲህ ይጻፉ፦ «ሲዲውን ጽሑፉ ወደ ላይ ሆኖ ያስቀምጡ። መሃሉን ቀጭ እስኪል ጫን ያድርጉት።» «ቀጭ» የምትለዋን ቃል አደራ እንዳይሰርዟት። አንዳንድ ሰው መመሪያ ሲጽፍ እንዲህ ያሉ የድምፅ ቃላትን ተራ ንግግር ናቸው ብሎ ያወጣቸዋል። አንባቢው ግን በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጠው በጆሮው ነው። «በሚገባ መቀመጡን ያረጋግጡ» የሚለው ረጅም ሐረግ ያንን አይነግረውም።

አክብሮቱን ግን እንዳይተዉት። ለማይታወቅ አንባቢ «ክፈት» ብንል ሴቷን ረሳን፣ «ክፈቺ» ብንል ወንዱን። «ይክፈቱ» ሁለቱንም ይይዛል። አንዳንዶች ከዚህ ለመሸሽ «ክዳኑ ይከፈታል፣ ሲዲው ይቀመጣል» ብለው ይጽፋሉ። የምግብ አሠራር ላይ ይህ አጻጻፍ ያምራል። ማጫወቻ ላይ ግን ያደናግራል፤ ምክንያቱም ዕቃው ራሱ የሚያደርጋቸው ነገሮች አሉ። የካሴት ማቆሚያው ቁልፍ በብዙዎቹ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዴ ሲጫኑት ካሴቱ ይቆማል። ደግመው ሲጫኑት በሩ በራሱ ይከፈታል። የሲዲው ክዳን ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ ይነሳል። ሁሉንም «ይከፈታል» ካልን አንባቢው የቱን መጠበቅ፣ የቱን ማንሳት እንዳለበት በምን ያውቃል? እኔ የምከተለው መንገድ ይህ ነው፦ ሰው የሚያደርገውን በትእዛዝ፣ ዕቃው የሚያደርገውን በ«ይ...ል» እጽፋለሁ። «ማቆሚያውን ይጫኑ፤ ካሴቱ ይቆማል። ደግመው ይጫኑት፤ በሩ ይከፈታል።» አንባቢው ሳይነገረው ሥራ መከፋፈሉ ይገባዋል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ሬዲዮ ይከፈታል። «ሬዲዮ ክፈት»፣ «ሙዚቃ ክፈት»፣ «ዜና ሊጀምር ነው ክፈተው» ማለት ጥሩ አማርኛ ነው። አማርኛ ውሃም ድምፅም ሲለቀቅ «ክፈት» ማለት ይወዳል። «አብራ» ከብርሃንና ከእሳት ጋር የተወለደ ቃል ነው። ዛሬ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ስለሚባል «ሬዲዮኑን አብራው» ያለ ሰው ተሳስቷል አይባልም።

የእርስዎ ችግር ሌላ ነው። የጻፉት «ማጫወቻውን ይክፈቱ» ብለው ነው። ማጫወቻው ደግሞ የሚከፈቱ ብዙ ነገሮች አሉት፤ የሲዲው ክዳን፣ የካሴቱ በር፣ ከኋላ የባትሪው ክዳን። ስለዚህ ዕቃውን በጅምላ አይጥሩት፤ ክፍሉን በስሙ ይጥሩት። «የሲዲውን ክዳን ይክፈቱ» ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኃይል ለመስጠት ሲሆን ደግሞ «ማጫወቻውን ያብሩ» ይበሉ። ለንግግር «ክፈት» ይሻለኛል፤ ለዚህ ወረቀት ግን «አብራ»ን እመርጣለሁ፤ «ክፈት» ለክዳንና ለበር ሥራ ላይ ነውና።

«ማጥፋት» ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። «ካሴቱን ያጥፉ» ብለው ቢጽፉ አንዱ ሰው ማጫወቱን ያቆማል። ሌላው ካሴቱ ላይ ያለውን ድምፅ ሊሰርዝ ይነሳል። አማርኛው ሁለቱንም ይፈቅድለታል። ለካሴትና ለሲዲ «ያቁሙ» ይበሉ፤ «ያጥፉ» ለማጫወቻው ብቻ ይሁን። በነገራችን ላይ በብዙ ትንንሽ ማጫወቻዎች ላይ ለብቻው የቆመ ማጥፊያ የለም። መምረጫው (ሲዲ፣ ሬዲዮ ወይም ካሴት የሚመረጥበት) ካሴት ላይ ሆኖ የካሴቱ ቁልፎች በሙሉ ከተነሱ ዕቃው ጠፍቷል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ «ያጥፉ» ብቻውን አማትዎን የሌለ ቁልፍ እንዲፈልጉ ያደርጋቸዋል። «መምረጫውን ወደ ካሴት ያዙሩ፤ ማጫወቻው ይጠፋል» ብለው ይጻፉት።

አሁን የሚያስደስተኝ ጥያቄ። መቅዳት ወይስ መቅረጽ? ሁለቱም ሕያው ቃላት ናቸው። እኔ የማያቸው ግን ልዩነታቸውን ጠብቀው ነው። የምንቀዳው ካለበት ነው። ከሬዲዮ እንቀዳለን፣ ከሲዲ እንቀዳለን፤ ውሃም የሚቀዳው ካለበት ነው። የምንቀርጸው ደግሞ አሁን የሚወጣን ድምፅ ነው፤ ሰው ሲናገር፣ ልጅ ሲዘፍን። ማጫወቻው ማይክሮፎን ካለውና አማትዎ የራሳቸውን ድምፅ ሊያኖሩ ከሆነ «ይቅረጹ»። ከሬዲዮ ወይም ከሲዲ ወደ ካሴት ከሆነ «ይቅዱ»። የእርስዎ ጥያቄ ሁለተኛው ስለሆነ መልሱ «መቅዳት» ነው።

ግን ቃሉን መምረጥ ብቻ አይበቃም። «ካሴቱን ይቅዱ» እና «ካሴቱ ላይ ይቅዱ» በጣም የተለያዩ ናቸው። በመጀመሪያው ካሴቱ ምንጭ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ ማረፊያ። አንድ የካሴት ቤት ብቻ ያለው ማጫወቻ የመጀመሪያውን ሊሠራ አይችልም። ሁለተኛውን ሲሠራ ደግሞ ቀድሞ የነበረውን ድምፅ ያጠፋል። «ላይ» የምትባለዋ ትንሽ ቃል ተረስታ ለዓመታት የቆየ የሰው ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ምንጩንም ማረፊያውንም አንድ ላይ ይጻፉ፦ «ሲዲውን ካሴት ላይ ይቅዱ።»

መጠበቂያም አለ። ካሴቱን አንዱን ገጽ ወደ ራስዎ፣ ክሩ የሚታይበትን ጎን ወደ ታች አድርገው ይያዙት። ከላይ በግራና በቀኝ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ያያሉ። የግራው ጥርስ ፊት ለፊትዎ ያለውን ገጽ ይጠብቃል። ከተሰበረ የመቅጃው ቁልፍ አይወርድም፣ በዚያ ገጽ ላይም አይቀዳበትም። «አይቀዳበትም» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሏት። «አይቀዳም» ቢሉ ከካሴቱ መቅዳት አይቻልም ማለት ይመስላል። «በት» ስትገባ ግን የሚጠበቀው ካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ መሆኑ ይለያል። አንድ ቃል ውስጥ ይህን ሁሉ ማለት መቻል የአማርኛ ጸጋ ነው፤ መመሪያ ጸሐፊዎች ግን ብዙ አይጠቀሙበትም።

ለቁልፎቹ ስም አይጨነቁ። «መ» ወይም «ማ» ፊት ላይ፣ «ያ» ወይም አቻዋ መጨረሻ ላይ እየሆኑ ቋንቋው ራሱ ይሠራልዎታል፤ ማጫወቻ፣ ማቆሚያ፣ መቅጃ፣ ማጠንጠኛ፣ መምረጫ። «ማጠንጠኛ» በተለይ ቆንጆ ነው፤ ክር የሚያጠነጥን ሰው የሚያደርገውን ነው ካሴቱም የሚያደርገው። «ወደ ኋላ ማጠንጠኛ»፣ «ወደ ፊት ማጠንጠኛ» ብለው ይለዩዋቸው። ለአፍታ የሚያቆመውን «ለጊዜው ማቆሚያ» ይበሉት። ከስሙ ጎን ምልክቱን ይሳሉ፤ ሦስት ማዕዘኑን፣ አራት ማዕዘኑን፣ ሁለቱን ቋሚ መስመሮች። ዕቃው ላይ የሚያዩት ምልክቱን ነው።

«ቴፕ» የሚለውን ቃል ግን ከወረቀቱ ያውጡት። ካሴት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፣ ሲዲ በ1982። በመካከላቸው ባለው ጊዜ «ቴፕ» በአማርኛ የማጫወቻው ስም ሆኖ ተተክሏል። ከእንግሊዝኛው መመሪያ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ውስጡ ያለውን ቀጭን ክር «ቴፕ» ይለዋል። አንባቢው «ቴፑ ከተጠላለፈ» የሚል ሲያነብ ምን እንደተጠላለፈ ግራ ይገባዋል። ዕቃው ማጫወቻ፣ የሚገባው ካሴት፣ ውስጡ ያለው ክር ይባል። በዚህ ላይ «ገጽ»ን ይጨምሩ፦ «60» የሚል የተጻፈበት ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ይይዛል።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያኖራል። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ምን እንዲያደርግ እንደተነገረው አያውቅም። «በማጫወቻው አናት ላይ የሚገኘውን፣ ሲዲው በሚዞርበት ጊዜ ተዘግቶ መቆየት ያለበትን ክዳን ሲዲው መዞሩን ሳያቆም አይክፈቱ» ብለው ቢጽፉ «አይ» እስክትመጣ እጅ ክዳኑ ላይ ደርሷል። ይሰባብሩት፦ «ሲዲው እየዞረ ክዳኑን አይክፈቱ። መጀመሪያ ማቆሚያውን ይጫኑ።» ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ ከሥራው በፊት ይምጣ። የመቅጃውን ቁልፍ ካስጫኑ በኋላ «የቀድሞው ድምፅ ይጠፋል» ቢሉ ረፍዷል።

ሬዲዮው ላይ ብዙ አልቆይም። ጣቢያ «ይፈለጋል»፣ ሲገኝ «ይይዛል»፤ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። «ሬዲዮውን ያዙሩ» ሲሉ ብቻ ይጠንቀቁ፤ መፈለጊያውን ማዞር ይመስላል። ኤፍ ኤም ካልጠራ የሚስተካከለው አንቴናው ነው። በመካከለኛው ሞገድ (ኤ ኤም) ግን አንቴናው ዕቃው ውስጥ ስለሆነ የሚዞረው ዕቃው በሙሉ ነው። «ማጫወቻውን እንዳለ ወደ ጎን ያዙሩት» ቢሉ አይሳሳቱም።

ባትሪውም እንዲሁ። «ባትሪ» ሲባል ብዙ ሰው የእጅ መብራቱን ነው የሚያስበው፤ ለአማትዎ «የባትሪ ድንጋይ» ይበሉ። ማጫወቻው ለረጅም ጊዜ የማይሠራ ከሆነ ድንጋዮቹ ይውጡ፤ ውስጥ ከቆዩ ያፈሱና መገናኛውን ይበሉታል። በዚያ መስመር ላይ «ድንጋዮቹን ያውጡ» ይበቃል።