«ዘነጠ» እና «ተሽቀረቀረ»

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዷ «‹ዘነጠ› እና ‹ተሽቀረቀረ› ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ሳላርመው ታትሞ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር አስታወሰኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «አንጋፋው መምህር ሁልጊዜ ተሽቀርቅረው ክፍል ይገቡ ነበር» ይላል። ለምስጋና የተጻፈ ነበር።

«ዘነጠ» ውጤቱን ያያል፦ ለበሰ፣ አማረበት፣ በቃ። «ተሽቀረቀረ» ግን ልፋቱን ይቆጥራል፤ መስታወት ፊት መቆሙን፣ ኮሌታ ማስተካከሉን፣ «እዩልኝ» ማለቱን። የ«ቀር-ቀር» ድግግሞሽ ራሱ ያን ማለቂያ የሌለው መነካካት ያሰማል። ይህ ሁሉ መምህሩ ላይ ተለጠፈ። ጸሐፊው በአንቱታ ያከበራቸው መስሎት ይሆናል። አንቱታ ግን በግሱ ውስጥ ያለውን ትችት አያወጣውም፤ እንዲያውም ሽሙጥ ያስመስለዋል። በ«ዘንጠው» ቢተካስ? ይሻላል፤ ነገር ግን እሱም የጎረምሳ ሽታ አለው። ለአንጋፋ ሰው «ንጹሕ ለብሰው፣ አምሮባቸው» ይበቃ ነበር።

ቃሉን ጥሉት ግን አልልም። ጓደኛ ለጓደኛው «እንዲህ ተሽቀርቅረህ ወዴት ነው?» ሲል ፍቅር ነው። ያው ቃል ከማያውቁት ሰው አፍ ሲወጣ ስድብ ይሆናል፤ «ሽቅርቅር» ተብሎ ለወንድ ሲነገር ደግሞ ይብሳል።

«ዘነጠ» ባለቤቱን፣ ማለትም አድራጊውን የሚጠራ ስም፣ ሲያወጣ «ዘናጭ» ነው፤ «ቆረጠ» «ቆራጭ» እንደሚለው ጠ ወደ ጨ ይለወጣል። «ሽክ» ያለ «አለ» አይቆምም፦ ሽክ አለች፣ ሽክ ብላ፣ ሽክ ያለች። ከእሱ ባለቤት ለማውጣት አትድከሙ። «ተንቆጠቆጠ» ለአዳራሽም ለሰውም ይሆናል፣ ከብልጭልጩ ጋር። «ቄንጠኛ» ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዱ አንባቢ አለባበስ አዋቂ ብሎ ሲረዳው ሌላው ነገር አብዢ ብሎ ይረዳዋል። ዙሪያው ካልለየው ሌላ ቃል ፈልጉ።

ዛሬ ሁሉን «አሪፍ» ብላችሁ ማለፋችሁ ያሳዝነኛል። ጫማውም አሪፍ፣ ሰውየውም አሪፍ፣ አዳራሹም አሪፍ!

የምወደው «ተሽሞነሞነ» ነው። ከልብስ ተነስቶ ወደ ንግግር ገብቷል፤ መራራ እውነት በጣፋጭ ቃል ሲሸፈን «ነገሩን አሽሞነሞነው» እንላለን። እዚህ ላይ «አዘነጠው» ብትሉ አይሆንም፤ «ዘነጠ» ሰውነት ላይ ይቀራል፣ የሚደብቀው ነገር የለውም።