ስለ ጤና ባለሙያዎች ፈቃድና ብቁነት፦ ጠይቁኝ

በባለሙያዎች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በሚመረምር ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ ምዝገባ፣ ስለ እገዳ፣ ስለ ቅሬታ የከነከናችሁን አምጡ። ገና ውሳኔ ስላላገኘ ጉዳይ ግን አልናገርም።

ጥያቄ፦ ሐኪም አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ፈቃዱን ይነጠቃል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይነጠቅም። ኮሚቴው የሚያየው ያለፈውን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ በሽተኛ ቢሰጠው ያሰጋል ወይ?» የሚለውን ነው። ሁለት ነርሶች እኩል የተጋነነ የመድኃኒት መጠን ሰጡ እንበል። አንዷ ወዲያው ተረኛውን ሐኪም ጠርታ፣ ካርዱ ላይ ጽፋ፣ ለቤተሰብም ተናገረች። ሌላዋ ማታ ተመልሳ ካርዱ ላይ «10» የነበረውን «1» አደረገችው። ለመጀመሪያዋ ሥልጠናና የቅርብ ክትትል ይበቃታል። ሁለተኛዋ ግን ከመዝገብ እስከ መሰረዝ ልትደርስ ትችላለች። የመድኃኒት ስሌት በሥልጠና ይስተካከላል፤ ቅጥፈትን የሚያስተካክል ሥልጠና ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሱስ ይዞታል። ባሳውቅ እንጀራውን ዘጋሁበት ማለት አይደለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝም ማለትሽ ነው ይበልጥ የሚጎዳው። በጊዜ የተደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ በቅድመ ሁኔታ፦ ናርኮቲክ (ሱስ የሚያስይዝ ጠንካራ ማስታገሻ) እንዳያዝዝ፣ የመድኃኒት ቁልፍ እንዳይዝ፣ ሳይነገረው ለሽንት ምርመራ እንዲጠራ፣ ኃላፊው በየጊዜው ሪፖርት እንዲልክ።

ቸልታ የሚያስከትለውን ለማየት ብሪታኒያዊውን ሐኪም ሃሮልድ ሺፕማንን ማስታወስ ይበቃል። በ1976 (በአውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ፔቲዲን የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለራሱ ለማውጣት ማዘዣ በማጭበርበር ተፈርዶበት ነበር። ሐኪሞችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የብሪታኒያ የሕክምና ምክር ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ፣ ገደብ ሳይጥልበት ተወው። በ2000 15 ታካሚዎቹን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ በኋላ የተካሄደው ምርመራ የሟቾቹን ቁጥር 215 አደረሰው። ሱሰኛ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው ማለቴ አይደለም፤ ያ ማዘዣ ግን መድኃኒት ለብቻው እንዳይዝ ለማድረግ በቂ ምክንያት ነበር።

ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት በነፃ ያሰናበተውን ኮሚቴ እንዴት ያግዳል?

መልስ፦ የማስረጃው ሚዛን ስለሚለያይ። ወንጀል ያለ ጥርጣሬ መረጋገጥ አለበት፤ የሙያ ጉዳይ ግን በብዙ አገር «መሆኑ ከአለመሆኑ ያመዝናል» ከተባለ ይበቃል። በብሪታኒያ የሐኪሞች ጉዳይ ወደዚህ የተሻገረው በ2008 ነው። እኔ እደግፈዋለሁ፤ እስር ሌላ፣ ታካሚን መጠበቅ ሌላ።

ጥያቄ፦ ገና ሳይጣራ ማገድስ?

መልስ፦ አደጋው የማይጠብቅ ሲሆን ብቻ፣ ያውም በጊዜያዊነት። መልስ የመስጠት ዕድል ሊያገኝና እገዳው በየጊዜው ሊታይ ይገባል። ይህ ሲጓደል አይቻለሁ፤ ያኔ እገዳው ሳይፈረድ ቅጣት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የፈቃድ እድሳት የሰርተፊኬት መሰብሰቢያ አልሆነም?

መልስ፦ በብዙ ቦታ ሆኗል፣ አልከራከርህም። ስብሰባ ላይ ፈርሞ የሚወጣ ሁሉ ነጥብ ያገኛል። ብሪታኒያ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች በየ5 ዓመቱ የታካሚዎችንና የባልደረቦችን አስተያየት ጭምር እንዲያቀርቡ ታደርጋለች፤ ይሻላል። ግን ሺፕማንንም ታካሚዎቹ ይወዱት ነበር። ስለዚህ አስተያየቱ ከሞት መዝገብና ከመድኃኒት ወጪ ጋር ካልተመሳከረ ብዙ አልተማመንበትም።

ጥያቄ፦ ቅሬታዬ እንዳይጣል ምን ልጻፍ?

መልስ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካርድ ቁጥሩን፣ ማን ምን እንዳደረገና ማን እንዳየ። «ግድ የለሽ ነው» ከምትል «ሦስቴ ስንጠራው አልመጣም» በል። የካርዱን ቅጂም ቶሎ ጠይቅ፤ ቅሬታው ከመሰማቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።