የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቅዳሜ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ለመመለስ የትኛው ባቡር ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ባለቤቴ ቅዳሜ ስለሚሠራና እኔም በአውራ ጎዳና ላይ ረጅም መንገድ መንዳት ስለማልደፍር፣ እስካሁን ከአፓርታማችንና ከቤተ ክርስቲያን በቀር ያየችው ነገር የለም። በሰፈራችን የሚያልፈውን ማርክ የተባለውን የሜሪላንድ ባቡር ባየች ቁጥር «ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?» ትለኛለች። ባለፈው ቅዳሜ እሷንና የ9 እና የ4 ዓመት ልጆቼን ይዤ በዌስት ቨርጂንያ ወዳለችው ሃርፐርስ ፌሪ ለመሄድ ጣቢያው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፤ ባቡር ሳይመጣ ስንቃችንን እንደያዝን ወደ ቤት ተመለስን። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ባቡሩ ቀርቶ ነው? በባቡር ሄደን፣ ውለን፣ ማታ ቤታችን የምንገባበት ቦታስ ይኖራል?
አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ባቡሩ አልቀረም፤ በዚያ መስመር ቅዳሜና እሑድ ጭራሹኑ አይሠራም። በእርስዎ ሰፈር የሚያልፈው የማርክ ብራንዝዊክ መስመር ሠራተኞችን ጠዋት ወደ ዋሽንግተን አምጥቶ ከሰዓት በኋላ ወደየቤታቸው ለመመለስ የተዘጋጀ ነው። ሐዲዱም የሲ.ኤስ.ኤክስ የጭነት ባቡር ኩባንያ ንብረት ነው። በሥራ ቀን ቢሞክሩት እንኳ ባቡሩ ማታ አድርሶዎት የሚመልስዎት በማግስቱ ጠዋት ስለሚሆን ለደርሶ መልስ ሽርሽር አይመችም። አምትራክ የተባለው አገር አቀፍ ድርጅት የረጅም ርቀት ባቡርም ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ይቆማል፤ ሆኖም ከዋሽንግተን የሚነሣው ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚመለሰው ደግሞ ከቀትር በፊት በመሆኑ አንድ ሌሊት ማደርን ይጠይቃል። ስለዚህ ሃርፐርስ ፌሪን ባለቤትዎ ዕረፍት በሚያገኙበት ቀን በመኪና እንድትሄዱበት አቆዩት።

ለእናትዎ የምመክረው ሌላውን የማርክ መስመር፣ ማለትም ከዋሽንግተን ዋና የባቡር ጣቢያ ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ባልቲሞር የሚሄደውን የፔን መስመር ነው። ይህ መስመር የአምትራክ የመንገደኞች ባቡሮች በሚመላለሱበት ሐዲድ ላይ ስለሚሄድ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2013 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድም አገልግሎት ይሰጣል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሜትሮ ቀይ መስመር ሳይቀይሩ ዩኒየን ስቴሽን ይደርሳሉ፤ ከዚያ ባልቲሞር ፔን ስቴሽን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የማርክ ዋጋ እንደ አምትራክ በቀኑና በሰዓቱ አይለዋወጥም፤ ወንበር ማስያዝም አያስፈልግም። ትኬቱን ከጣቢያው ማሽን ወይም ቻርምፓስ በተባለው የስልክ መተግበሪያ ቀድመው ይግዙ። ትንሹ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር በነጻ ይሳፈራል፤ ለአረጋውያንም ቅናሽ ስላለ የእናትዎን ዕድሜ የሚያሳይ ሰነድ አይርሱ። ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ሐዲድ ስለሚጠቀሙ በማርክ ትኬት አምትራክ ላይ እንዳትሳፈሩ ይጠንቀቁ።

ጉዞዎን ሲያቅዱ መጀመሪያ የመመለሻውን ባቡር ይምረጡ፤ መሄጃውን ከዚያ በኋላ ይፈልጉለት። በዕረፍት ቀን ባቡሮቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩን ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። እኔ ራሴ አንድ እሑድ የሰኞን የጊዜ ሰሌዳ አንብቤ፣ ሁለት የደከሙ ሕፃናት ይዤ እስኪጨልም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰሌዳውን ቀን ሁለት ጊዜ ሳላይ ከቤት አልወጣም። በመስመሩ ላይ የጥገናና የግንባታ ሥራ ስላለ የዕረፍት ቀን ሰሌዳው ሊለወጥ ይችላልና ዋዜማውን ይመልከቱት። የመመለሻውን ሰዓት ለእናትዎ በእኛ አቆጣጠር ይንገሯቸው፤ በወረቀትም ጽፈው ከስልክ ቁጥርዎ ጋር በቦርሳቸው ያኑሩላቸው። «አራት ሰዓት» ብለዋቸው እርስዎ የሚያስቡት ከሰዓት በኋላን፣ እሳቸው የሚያስቡት ረፋዱን እንዳይሆን።

ባቡሩ ባለ ሁለት ፎቅ ከሆነ ልጆቹ ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋሉ። ለእናትዎ ግን በፉርጎው ጫፍና ጫፍ፣ የፎቁን ደረጃ ሳይወጡና ሳይወርዱ የሚደረስባቸው ወንበሮች አሉ። በመንገዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ዛፍና የመጋዘን ጀርባ ነው፤ ከዚህ የበለጠ እንዲጠብቁ አላደርግም። ባልቲሞር ሊደርሱ ሲሉ ግን ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1873 በተከፈተ ዋሻ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። በዚያ ምትክ እየተሠራ ያለው አዲሱ ዋሻ በፍሬድሪክ ዳግላስ ስም ተሰይሟል። ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1838 ከባርነት ያመለጠው ከዚችው ከባልቲሞር በባቡር ተሳፍሮ ነበርና፣ የ9 ዓመት ልጅዎ ይህን በጨለማው ውስጥ ሆኖ ቢሰማው የሚረሳው አይመስለኝም።

ከፔን ስቴሽን ወጥተው በቻርልስ ጎዳና ወደ ደቡብ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ማውንት ቨርነን የተባለው ሰፈር ይደርሳሉ። እናትዎ ካልቻሉ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ነጻ የከተማ አውቶቡስ አለ፤ ሐምራዊው መስመር ይባላል። በአደባባዩ መካከል የቆመው የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1829 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ በዋና ከተማው ያለውን ታላቁን ሐውልት የነደፈው ሮበርት ሚልስ ከዚያ አስቀድሞ የሠራው ነው። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ደግሞ ለዚህ ጉዞ ዋናው ምክንያቴ የሆነው የዋልተርስ የጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ዋልተርስ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ከፍተኛ የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት፣ መስቀሎችና የብራና መጻሕፍት ስብስቦች አንዱ ያለው ሙዚየም ነው። ከዲሴምበር 2023 እስከ ማርች 2024 ባቀረበው ሰፊ ዐውደ ርእይም ብዙ ወገኖቻችንን አስተናግዷል። በስብስቡ ውስጥ በ16ኛው መቶ ዓመት በአጋሜ ጉንዳ ጉንዴ ገዳም የተጻፈው ወንጌል ይገኛል። ብራና በብርሃን ስለሚጎዳ ሁሉም ነገር ሁልጊዜ አይታይም፤ በየትኛው ክፍል ምን እንደቀረበ ከመሄድዎ በፊት በድረ ገጹ ይመልከቱ ወይም ደውለው ይጠይቁ። መግቢያው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ነጻ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 10 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ክፍት ነው። እናቴን እዚያ በወሰድኳት ቀን አንድ የመጾሪያ መስቀል ከመስታወቱ በስተጀርባ ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመችው፤ ከዚያም ጽሑፉን በግእዝ ጮክ ብላ ማንበብ ስትጀምር ልጆቼ አያታቸውን በመደነቅ ተመለከቷት። በዚህ አገር ሁልጊዜ አስተርጓሚዎቿ እነሱ ነበሩ፤ ያን ቀን አስተርጓሚዋ እሷ ሆነች። እናትዎም ይህ ቢደርስላቸው እመኛለሁ።

ከሙዚየሙ በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ በዚያው ነጻ አውቶቡስ ወደ ወደቡ መውረድ ይቻላል። በወደቡ ያለውን የዓሣ ሙዚየም (አኳሪየም) ግን ለሌላ ቀን ይተዉት፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየትም አረጋዊትንና የ4 ዓመት ልጅን ያደክማል። እሑድን ከቅዳሴ በኋላ ለማድረግ ካሰቡ የቀረው ሰዓት አጭር ስለሚሆን ቅዳሜን እመርጥልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ብስክሌት አለኝ፣ መኪና የለኝም። ቅዳሜ ብስክሌቴን በባቡር ጭኜ ከከተማ ወጥቼ መንዳት እችላለሁ?
አንድ ወጣት አንባቢ

መልስ፦ ትችላለህ። በሜትሮ ብስክሌትህን ይዘህ እስከ ዩኒየን ስቴሽን ድረስ፤ በፔን መስመር የዕረፍት ቀን ባቡሮች ላይ የብስክሌት ማሰሪያ ያለው ፉርጎ ስላለ የትኛው እንደሆነ ኮንዳክተሩን ጠይቅ። ባልቲሞር ሳትደርስ ቢ.ደብሊው.አይ የአውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ ላይ ውረድ። በማረፊያው ዙሪያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የብስክሌት መንገድ አለ፤ አውሮፕላኖች ከራስህ በላይ ዝቅ ብለው ሲያርፉ የሚታይበት መናፈሻም በዚያው ላይ ነው። ዙሩ ካነሰህ ግሌን በርኒ አካባቢ በቀድሞ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራውን፣ ወደ አናፖሊስ አቅጣጫ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀውን መንገድ ተከተል። የሄድከውን ያህል መመለስ ስላለብህ ግማሹን ጉልበትህንና አንድ ጠርሙስ ውኃ ለመልሱ አስቀር፤ ከመመለሻው ባቡርም ሃያ ደቂቃ ቀድመህ ጣቢያው ላይ ተገኝ።