«ጌት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ከ«ማግኘት» ባሻገር

ጠያቂያችን «‘ጌት’ ማግኘት ማለት ነው ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ ‘ጌት ታየርድ’ ሲባል ድካም ተገኘ ማለት ነው ወይ?» ብለው ለጻፉት፣ ደብረ ብርሃን ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ያስተዋልሁትን ላካፍልዎት።

«ማግኘት» የሚለው ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ «አይ ጎት ኤ ሌተር» ደብዳቤ ደረሰኝ ማለት ነውና። ግሱ ቅጽል ሲያስከትል ግን የሚያመለክተው የሁኔታ ለውጥን ነው። በአማርኛ «ደከመ»፣ «በረደ»፣ «መሸ» ስንል ለውጡን ግሱ ራሱ ስለሚሸከመው ሌላ ቃል አያስፈልገንም። እንግሊዝኛ ግን «ኢት ኢዝ ኮልድ» ብሎ ብርድ መኖሩን ይናገራል፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ኮልድ» ይላል፣ እየበረደ ነው ለማለት። ለደብረ ብርሃን ሰው ይህን ማስረዳት ብዙም አያደክምም።

ተማሪዎቼን ይበልጥ የሚያስቸግራቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም ሊቀልለው የሚገባው፣ እኛ በ«አስ» የምንገልጸው አገባብ ነው። «ጤፍ አስፈጨሁ» ወይም «ጫማዬን አስጠገንሁ» ስንል ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛም «አይ ጎት ማይ ሹዝ ሪፔርድ» ይባላል። «አይ ሪፔርድ ማይ ሹዝ» ያለ ሰው ግን ወስፌ ይዞ ራሱ የሰፋ ይመስላል። ጫማው ከ«ጎት» ቀጥሎ፣ ከ«ሪፔርድ» አስቀድሞ መግባት እንዳለበት ልብ ይበሉ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል። ሠራተኛው ከተጠቀሰ ደግሞ «አይ ጎት ሂም ቱ ሪፔር ማይ ሹዝ» ይሆናል። «ቱ» እዚህ ላይ አይቀርም፤ በ«ሜክ» ግን «አይ ሜድ ሂም ሪፔር» ነው እንጂ «ቱ» አይገባም። ትርጉማቸውም ይለያያል፦ «ሜክ» ማስገደድን ሲጠቁም፣ «ጌት» ብዙውን ጊዜ ለምኖና አግባብቶ ማሠራትን ያሳያል።

ይሁን እንጂ «አስ» በሁሉም ቦታ አይሠራም። «አይ ጎት ማይ ባግ ስቶለን» የሚለው ሳይፈልጉ የደረሰ ጉዳት ስለሆነ «ቦርሳዬን ተሰረቅሁ» ተብሎ ይተረጎማል፤ «አሰረቅሁ» ቢሉ ሌባውን ራስዎ የላኩት ይመስላል።

መድረስን ሲገልጽ «ጌት ቱ ደብረ ሲና» ይባላል፤ ከ«ሆም» እና ከ«ሂር» በፊት ግን «ቱ» አይጨመርም። በማመልከቻና በመሰል መደበኛ ጽሑፍ ላይ ደግሞ እንደ አገባቡ «ሪሲቭ»፣ «ቢካም» ወይም «አራይቭ» የተሻሉ ናቸው።