«የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው መለሱኝ

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ይማራል። ሦስት የክፍሉ ልጆች ምሳ ዕቃውን እየቀሙ ያሸማቅቁታል። ባለፈው ሳምንት ከንፈሩ አብጦ መጣ። ርዕሰ መምህሩን ሁለት ጊዜ ባነጋግርም «የልጆች ጨዋታ ነው» አሉኝ። በሕግ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ርዕሰ መምህሩ የሰጡዎት መልስ ግን በሕግ ፊት መልስ አይሆንም።

ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ልጅ በሌላ ሰው ጥበቃ ሥር ሳለም ከጥቃት እንዲጠበቅ ያዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል (አንቀጽ 2124)። ልጁ ትምህርት ቤት በሚቆይበት ሰዓት ግን ይህ ኃላፊነት ወደሚጠብቀው ወገን ይዞራል (አንቀጽ 2125)። እርስዎም ሁለት ጊዜ ነግረዋቸዋል። እያወቁ ዝም ማለታቸው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ችግሩ የነገሩት በቃል ነው። ነገ «አልሰማንም» ቢሉ በምን ያስረዳሉ? ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው ደብዳቤ ይጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የልጆቹን ስም፣ ያየ ሰው ካለ እሱንም ይጥቀሱ። ምን እርምጃ እንዲወሰድ እንደሚፈልጉ ይግለጹ፤ ለምሳሌ የልጆቹ ወላጆች እንዲጠሩ፣ በእረፍት ሰዓት መምህር ግቢው ውስጥ እንዲመደብ፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጥዎ። በሁለት ቅጂ አትመው አንዱን ለጸሐፊዋ ይስጡ። በእጅዎ በሚቀረው ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቀን ሳያስመቱ ከቢሮው አይውጡ። መልስ ካጡ ያንኑ ቅጂ ይዘው ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

ፖሊስ ጋ መሄድም ይችላሉ። በወንጀል ሕጉ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ ፍርድ ቤት ግን የማረሚያ እርምጃ ሊወስንበት ይችላል። ድብደባው ካልከፋ በቀር እኔ ከዚያ እንዲጀምሩ አልመክርም። እነሱም ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር አደራ። በር ላይ ጠብቀው ልጆቹን እንዳይመቱ፣ እንዳያስፈራሩም። ብዙ ወላጅ ንዴቱን መቆጣጠር አቅቶት ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ሲዞር አይቻለሁ።

የከንፈሩን ፎቶ፣ የሕክምና ካርዱንና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ለካሳ መክሰስ ከፈለጉ በመርህ ደረጃ ጊዜው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143)።