ሦስት ሆኖ አንድ ሴስና ስለመግዛት

ጥያቄውን ያቀረቡት ወንድማችን እንዳስረዱት፣ በቨርጂኒያ የሚኖሩ ሦስት የጎንደር ልጆች ያገለገለ ሴስና 172 አውሮፕላን በእኩል ድርሻ ሊገዙ አስበዋል፤ ሁለቱ የአሜሪካ ዜግነት ሲኖራቸው አንዱ በቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ነው። ወጪውን እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ውሉ ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ ውሎ አድሮም አውሮፕላኑን ጎንደር አምጥቶ ማብረር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ወደ አዘዞ ከመመለሴ በፊት፣ በሜሪላንድ ከሌሎች ሦስት የአገር ልጆች ጋር የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ባለድርሻ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ስለቆየሁ፣ ከዚያ ያገኘሁትን እጽፍልዎታለሁ።

በቅድሚያ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። በዓመት ጥቂት ደርዘን ሰዓት ብቻ ለሚበር ሰው አንድ አውሮፕላን ለብቻው መያዝ ገንዘብ ማባከን ነው። የሚያሳስበኝ በመካከላችሁ ያለው ይሉኝታ ነው። የአገር ልጆች ስትሆኑ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ሲያነሣ፣ «የወሩን አልከፈልህም» ወይም «ትናንት ስታርፍ አያያዝህ አላማረኝም» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ አፍ የማይደፍረውን ሁሉ አስቀድሞ ወረቀት ሊናገረው ይገባል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሽርክና እንደ እቁብ አድርጎ ያስበዋል። እቁብ ግን ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል፤ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ጠርቶ ነው ገንዘቡን የሚወስደው። የአውሮፕላን ሽርክና የሚያልቅ ዙር የለውም፣ ዋስም አይጠራበትም፤ መውጫው በውሉ ላይ ካልተበጀ ሰው የሚወጣው በጠብ ነው።

ወጪው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው አውሮፕላኑ ቢበርም ባይበርም የማይቀረው ነው፤ የማቆሚያ ወይም የሀንጋር ኪራይ፣ ኢንሹራንስ፣ በሕግ በየ12 ወሩ የሚደረገው ዓመታዊ ፍተሻ፣ እንዲሁም በየ24 ወሩ የሚደረገው የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን ለራዳር የሚያሳውቀው መሣሪያ) ፍተሻ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ይህ በወር ተመትሮ በሦስት እኩል ይከፈላል፤ በዚያ ወር መሪ ያልጨበጠውም ሰው ይከፍላል። ሁለተኛው እንደ በረራው ሰዓት የሚታሰበው ሲሆን ነዳጅን፣ ዘይትን፣ ጎማንና ለሞተሩ የሚጠራቀመውን ገንዘብ ይይዛል። ሴስና 172 በሰዓት ከ8 እስከ 9 ጋሎን ገደማ አቭጋዝ (የትናንሽ አውሮፕላኖች ቤንዚን) ያቃጥላል፤ የነዳጅ ዋጋ ከማረፊያ ማረፊያ ስለሚለያይ፣ የበረረው ሰው ራሱ ከኪሱ ሞልቶ እንዲያስረክብ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰዓቱ በየትኛው ቆጣሪ እንደሚነበብም ይጻፍ። አንደኛው ቆጣሪ እንደ ማንኛውም ሰዓት ዝም ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው ግን የሞተሩን ዙር ስለሚከተል ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቀስ ይላል፤ የሞተሩ ዕድሜ የሚመዘገበው በአብዛኛው በሁለተኛው ስለሆነ እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

«ሞልቶ እንዲያስረክብ» ስል እስከ አፉ ማለቴ እንዳይመስልዎ። መቀመጫው አራት መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤን የሚባለው የ172 ዝርያ ሲነሣ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 1,043 ኪሎ ነው፤ ባዶውን ወደ 650 ኪሎ ይመዝናል፤ ሙሉ ነዳጅ ሲይዝ 109 ኪሎ ያህል ይጨመራል፤ ስለዚህ የሚተርፈው ለሦስት አዋቂዎችና ለጥቂት ሻንጣ ብቻ የሚሆን ነው። ነዳጁ እስከምን ድረስ እንደሚሞላ ካልተስማማችሁ፣ በማግስቱ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የመጣው ባለድርሻ ነዳጅ ቀንሶ ለማውጣት ባልዲ ሲፈልግ ይውላል።

አሁን ወደ ሞተሩ ልምጣ፤ በሽርክና ውስጥ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። በብዙዎቹ የቆዩ 172ዎች ላይ ያለው ላይኮሚንግ ኦ-320 ሞተር፣ በአምራቹ ምክር መሠረት 2,000 ሰዓት ሲሠራ ወይም 12 ዓመት ሲሞላው ወርዶ ኦቨርሆል ይደረጋል፣ ማለትም ተፈትቶ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። ለግል በረራ ይህ ቁጥር ምክር እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም፤ ቢሆንም ገበያው አውሮፕላን ሲተምን የሚያየው እርሱን ነው። ለምሳሌ ኦቨርሆሉ 30,000 ዶላር ይፈጃል እንበል፤ ለ2,000 ሰዓት ሲካፈል በእያንዳንዱ የበረራ ሰዓት 15 ዶላር ማጠራቀም ይገባል ማለት ነው። የገዛችሁት ሞተር ግን 1,400 ሰዓት የሠራ ከሆነ የቀረው 600 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 15 ዶላር እያላችሁ ብታጠራቅሙ በዚያ ጊዜ የሚኖራችሁ 9,000 ብቻ ነው። የጎደለው 21,000 ዶላር ወይ ከግዢው ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት፣ ወይ በመጀመሪያው ቀን ሦስታችሁ አዋጥታችሁ በጋራ ሒሳብ ልታስቀምጡት ይገባል። ይህ ካልተደረገ በመጨረሻ የሚጎዳው ያን ጊዜ በሽርክናው ውስጥ የተገኘው ሰው ነው፤ ቀደም ብሎ ድርሻውን ሸጦ የወጣው ሞተሩን በርካሽ ተጠቅሞ ሄዷል። ገንዘቡ በሦስታችሁ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ በሁለት ፊርማ የሚወጣ ይሁን።

ሽርክናው ለሞተሩ ለራሱም ይበጀዋል። የላይኮሚንግ ሞተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ በኩል የተቀመጠ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ለሳምንታት ሲቆም ዘይቱ ከላዩ ወርዶ ያልቅና ብረቱ ዝገት ይጀምረዋል። አንድ ሰው ብቻ የያዘው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ በዚህ ይበላሻል፤ ሦስት ሰው ሲፈራረቅበት ግን ሞተሩ ሳይሞቅ የሚከርምበት ጊዜ አይኖርም። ስለዚህ ሻጭ «ብዙም ያልበረረ ነው» ብሎ ሲያሞግስላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ በ10 ዓመት ውስጥ እምብዛም ካልተነሣ አውሮፕላን ይልቅ በየሳምንቱ የሚበረውን እመርጣለሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ጓደኛችሁ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት መታየት አለበት። በአሜሪካ ሕግ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ግለሰብ አውሮፕላን በስሙ ማስመዝገብ ይችላል፤ ከዜጎች ጋር የጋራ ባለቤት ሆኖ መመዝገብም ይችላል። ኩባንያ አቋቁማችሁ በኩባንያው ስም ለማስመዝገብ ካሰባችሁ ግን፣ ኩባንያው እንደ ዜጋ የሚቆጠረው ከድምፁ ቢያንስ 75 በመቶው በዜጎች እጅ ሲሆን ነው። ሦስት እኩል ድርሻ ሲሆን የሁለቱ ዜጎች ድምፅ 67 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወይ በጋራ ባለቤትነት በየስማችሁ ትመዘግባላችሁ፣ ወይ የድምፅ ክፍፍሉን ለውጣችሁ የገንዘብ ድርሻውን በሌላ ውል ታስተካክላላችሁ፤ ይህ ጠበቃ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ኩባንያ ማቋቋም አብራሪውን ራሱ ካጠፋው ጥፋት አያድነውም፤ የሚጠቅመው በዕለቱ መሬት ላይ የነበሩትን ሁለቱን ነው።

ኢንሹራንሱ ላይ ሦስታችሁም እንደ ባለቤት በስም ተጻፉ። «እንዲያበር የተፈቀደለት» ተብሎ ብቻ የተመዘገበ ሰው ጉዳት ቢያደርስ፣ ኢንሹራንሱ ለባለቤቶቹ ከከፈለ በኋላ ዞሮ እርሱን ሊጠይቀው ይችላል። ዋጋው ደግሞ የሚወሰነው ከሦስታችሁ ትንሽ ሰዓት ባለው አብራሪ ነው፤ የእርሱን ልዩነት ማን እንደሚሸፍን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በጉዳት ጊዜ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን የመጀመሪያውን ክፍያ በዕለቱ ሲያበር የነበረው ይክፈል። እኛ ከዚህ ጋር አያይዘን፣ ጉዳት ያደረሰ ሰው በዚያው ዕለት ለሁሉም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ ያሳወቀም ሰው በቃል እንዳይወቀስ ጽፈን ነበር። አንድ ባልደረባችን በአፍንጫው ጎማ ከብዶ ማረፉን በዚህ አንቀጽ መሠረት ነገረን፤ መካኒኩ ሲከፍተው በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ያለው ግድግዳ ተጨማድዶ ተገኘ። ባይናገር ኖሮ ከውጭ ሲታይ ምንም አልነበረውም፣ በማግስቱም ሌላችን ይዘነው በተነሣን ነበር።

ስለ ብቃትም እንዲሁ። ሕጉ በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር የሚደረግ የበረራ ምዘና ያዛል፤ ሰው አሳፍሮ ለመብረር ደግሞ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሣትና ማረፍ ያስፈልጋል። ይህ ዝቅተኛው ነው። በውላችሁ ላይ ለ60 ቀን ያልበረረ ሁሉ ከአስተማሪ ጋር አንድ ዙር ሳይበር ቁልፍ እንዳይቀበል ጻፉ፤ ያኔ ማንም ማንንም «አልተማመንህም» ማለት አይኖርበትም።

ሌላው ዘመድ ነው። አውሮፕላን እንዳላችሁ ሲሰማ «አትላንታ ሰርግ አለብን፣ እንከፍልሃለን» የሚል አይጠፋም። የግል አብራሪ ፈቃድ ያለው ሰው በነዳጁ፣ በዘይቱና በማረፊያ ክፍያው ላይ ቢያንስ የራሱን ድርሻ መክፈል አለበት፤ አራት ሆነው ከሄዱ አንድ አራተኛው የእርሱ ነው። ከዚያ አልፎ ገንዘብ መቀበል ፈቃድን ያስነጥቃል፣ ኢንሹራንሱም ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል።

የተራው አከፋፈል ከምታስቡት በላይ ቀላል ነው። የእኛ ብቸኛ ችግር ሁላችንም እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለነበርን፣ ነፋስ የማይነካው ያ ሰዓት ባዶውን እያለፈ ቅዳሜን ሁሉም መሻማቱ ነበር። ቅዳሜን በየተራ አድርገን ሌላውን ቀን ቀድሞ ለጠየቀ ተውነው።

መውጫውን በተመለከተ፣ ውሉ ሦስት ነገሮችን ይያዝ፤ የድርሻው ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ ማን ቀድሞ የመግዛት መብት እንዳለው፣ ገዢ ባይገኝ መቼ አውሮፕላኑ በሙሉ እንደሚሸጥ። እኛ በየጥር ወሩ ተሰብስበን የአንድ ድርሻን ዋጋ ተስማምተን እንፈርም ነበር፤ ማን ገዢ ማን ሻጭ እንደሚሆን ባልታወቀበት ጊዜ የሚቆረጥ ዋጋ ሚዛናዊ ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ ሥራው ተቋርጦ ወርኃዊውን መክፈል ሲያቅተው፣ ውሉ 60 ቀን ያልከፈለ እንዳይበር፣ በ180 ቀን ደግሞ ድርሻው በጥር ዋጋ ለሌሎቹ እንዲቀርብ ያዝ ስለነበር፣ አንቀጹን ያነሣው ራሱ ባለጉዳዩ ነው፤ ገንዘቡንም ተቀብሎ በሰላም ወጣ፣ ወዳጅነታችንም እስከ ዛሬ አለ። ሞትንም አትዝለሉት፤ ወራሽ ድርሻውን ይወርሳል እንጂ የማብረር መብቱን አይወርስም ብላችሁ ጻፉ፣ የትዳር ጓደኞቻችሁም ውሉን አንብበው ይፈርሙበት።

ከግዢ በፊት አውሮፕላኑን ከዚህ ቀደም ጠግኖት የማያውቅ መካኒክ ይፈትሸው፤ የአካሉና የሞተሩ መዝገቦች ከመጀመሪያው ጀምሮ መሟላታቸው ይረጋገጥ፤ ዕዳ ያለበት መሆን አለመሆኑም በኦክላሆማ ሲቲ ካለው የፌደራል መዝገብ ይጣራ።

ጎንደር ማምጣቱን በተመለከተ፣ ምኞቱ የእኔም ስለነበር በደንብ አስቤበታለሁ፤ ይህን አውሮፕላን አታምጡት እላለሁ። አዘዞ ያለው የጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,970 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በመጋቢት ቀትር ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለሞተሩና ለክንፉ በ2,850 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ያህል ነው፤ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚሰጠው 115 ገደማ ብቻ ይሆናል። ሜዳው ረጅም ስለሆነ መነሣቱስ ይነሣል፤ ችግሩ ከተነሣ በኋላ የሚወጣበት ፍጥነት ነው፣ በተለይ ሰው ከጫነ። ሁላችንም የምናልመው በሰሜን ተራሮች ላይ ማለፍን ነው፤ ራስ ዳሽን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የ172ኤን የመጨረሻ ከፍታ 4,330 ሜትር አካባቢ ነው። በክረምት ደግሞ ደመናውና ነጎድጓዱ ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ይወስደዋል።

ነዳጁም አለ። አዘዞ የሚያርፉት የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙት የጀት ነዳጅ ነው፤ ላይኮሚንጉ ደግሞ አቭጋዝ እንጂ ያንን አያቃጥልም። ለ172 የሚገጠም፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለውና በጀት ነዳጅ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር መኖሩን ልብ ይበሉ፤ የአየሩን መሳሳትም የነዳጁንም ጉዳይ አንድ ላይ ስለሚያቃልል፣ ለአገራችን አንድ ቀን አውሮፕላን ቢታሰብ በእርሱ እጀምራለሁ። ያም ቢሆን የምዝገባ፣ የበረራና የማስገቢያ ፈቃዱን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በጽሑፍ ሳይመልስላችሁ አንድ ዶላር አታውጡ፤ አትላንቲክን ለማሻገርም ወይ ተጨማሪ ታንክ ማስገጠም፣ ወይ ክንፉን ፈትቶ በኮንቴይነር መጫን የግድ ይላል። ለጊዜው ለቨርጂኒያ የሚሆነውን ግዙና እዚያው አብሩት።

የእኛን ውል ስሞቹን አጥፍቼ በውስጥ መስመር ልልክልዎ እችላለሁ፤ ነገር ግን የተጻፈው በሜሪላንድ ሕግ ስለሆነ የቨርጂኒያ ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሙበት።