«መንግሥት ቤት ከገባ ልጅ ይወስዳል» ለተባልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና አፉን አልፈታም። አንቺም ሰባተኛ ወርሽን ይዘሻል። የክሊኒኳ ነርስ «ቤት ድረስ እየመጣች የምታግዝሽ ሠራተኛ አለች፣ የወላጆች ክላስም አለ፣ መንግሥት ነው የሚከፍለው» አለችሽ። ባለቤትሽ ደግሞ «መንግሥት ቤት ከገባ ልጅ ይወስዳል» ብሎ ፎርሙን አስቀመጠው። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ያንኑ ፎርም ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

ፍርሃቴ የቀለለው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሲገባኝ ነው። የቤት ለቤት ጉብኝት የሚሰጡ ብዙ ድርጅቶች የሚተዳደሩት በ2010 ከኦባማኬር የጤና መድን ሕግ ጋር አብሮ በመጣ የፌዴራል ፈንድ ነው። በ2022 መጨረሻ ኮንግረስ አደሰው። በዓመት 400 ሚሊዮን ዶላር የነበረው በየዓመቱ እያደገ በ2027 እስከ 800 ሚሊዮን እንዲደርስ ተፈቀደ። ገንዘቡ ለስቴት ይሰጣል፤ ስቴት ደግሞ ለካውንቲ፣ ለሆስፒታል ወይም ለእርዳታ ድርጅት ያከፋፍለዋል። ቤትሽ የምትመጣዋ ሴት የሲፒኤስ፣ ማለትም የልጆች ደህንነት ጥበቃ ቢሮ፣ ሠራተኛ አይደለችም። ሕጉ ራሱ በፈቃደኝነት ብቻ ይሁን ይላል። አልፈልግም ካልሽ በዚያው ቀን ያበቃል።

ለባለቤትሽ አንድ ነገር ንገሪው። በ2018 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። ድሮ በዋናነት ለፎስተር ኬር፣ ማለትም ከወላጅ ተለይተው በሌላ ቤት ለሚያድጉ ልጆች፣ ይውል የነበረውን የፌዴራል ገንዘብ ስቴቶች ልጅ ከቤት ሳይወጣ በፊት ለወላጆች ክላስ እንዲያውሉት ፈቀደ። ጉብኝቱ እንደሚረዳም ተጠንቷል። ኒውዮርክ ስቴት ኤልማይራ ከተማ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነርሶች ነፍሰ ጡሮችን ቤታቸው እየሄዱ መጎብኘት ጀምረው ነበር። ልጆቹ 15 ዓመት ሲሞላቸው ሲታይ፣ የተጎበኙት ቤቶች ላይ የተረጋገጠ የልጅ በደል ሪፖርት ካልተጎበኙት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መንግሥት የሚከፍለው ሲፒኤስ በርሽን እንዳያንኳኳ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። ጎብኚዋ ልጅ እየተጎዳ ነው ብላ ከጠረጠረች ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባት። የልጅሽ ሐኪምና አስተማሪውም እንደዚያው ናቸው። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቂያት፣ በግልጽ ትነግርሻለች። እኔ ስጠይቃት ደብቃ አልመለሰችልኝም፤ ያመንኳትም በዚያ ነው።

እኔ ቤት የመጣችው መጀመሪያ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጄ የድስት ክዳን እያንኳኳ ወደ ጀበናው እጁን ዘረጋ። ልቆጣው ስል «አሁን ምን አለሽ?» አለችኝ በአስተርጓሚ። «ምንም አላለም፣ አይናገርም» አልኳት። «እጁን እይው» አለች። አየሁት። «ጀበና» አልኩት። «አሁን ዝም በይና እስከ አምስት ቁጠሪ» አለችኝ። ያቺ የአምስት ቁጥር ዝምታ ምን ያህል እንደረዘመችብኝ! እኔ ለካ ልጄ ሳይጠይቅ ሁሉን አቀርብለት፣ ሲያለቅስ ስልክ አስይዘው ነበር። በየሳምንቱ ይህንኑ ሠራን። በሦስተኛው ወር ጀበናውን እያሳየ «ጀባ» አለ። አለቀስኩ። በእንግሊዝኛ ላናግረው ወይ ስላት «በምትስቂበት ቋንቋ አናግሪው» ነው ያለችኝ። አማርኛችን ልጁን አያዘገየውም።

አስተርጓሚ ያልሽ እንደሆነ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ሁሉ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ስለማትችዪ ብቻ ከአገልግሎቱ እንዳትቀሪ ተገቢውን ማድረግ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ የከተማዋ የቋንቋ ሕግ አለ፤ አማርኛም ከሚሠራባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በይ እንጂ ባልሽ እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ። በባል በኩል የማይወራ ነገር አለ።

የተጎዳሁበትን ደግሞ ልንገርሽ። በ14ኛው ወር ደብዳቤ መጣ፣ ግራንቱ፣ ድርጅቱ ይሠራበት የነበረው የድጋፍ ገንዘብ፣ አልቋል ተባልኩ። ዱብ ዕዳ ሆነብኝ። ጎብኚዬም ሥራዋን አጣች። ያኔ ሁለተኛዬን አርግዤ ነበር፤ ከአራት ወር በላይ ማንም አልመጣልኝም። ልጅና እናት በበጀት ዓመት አያድጉም፣ ይህ እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ ስትመዘገቢ «ገንዘባችሁ እስከ መቼ ነው? ካለቀ ለማን ታስተላልፉኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከዚያ ሄድ ስታርት የሚባለው የፌዴራል የቅድመ ትምህርት ፕሮግራም ገባን። ከ1965 ጀምሮ ያለ ነው፤ ለልጁ ትምህርት፣ ለወላጁም ክላስ አለው። እዚያ ልጅሽን ስታግዢ የሰዓት ፎርም ያስፈርሙሻል። እንዳትንቂው። ድርጅቱ ከጠቅላላ ወጪው 20 በመቶውን ከፌዴራል ውጪ ማምጣት አለበት፣ ያንቺም ሰዓት በገንዘብ ተተምኖ ይቆጠርለታል። ፖሊሲ ካውንስል የሚባለው ኮሚቴ ላይም ከአባላቱ አብዛኞቹ ወላጆች መሆን አለባቸው። እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተመርጬ በጀት ላይ እጅ አውጥቻለሁ። የማጓጓዣ ወጪ ሊቀነስ ሲል «አውቶቡስ የሌላት እናት ክላሱን በምን ትመጣለች?» አልኩ። ወጪው ሳይቀነስ ቀረ።

ወደ አንቺ ልመለስ። ነርስ የሚልከው ትልቁ ፕሮግራም በአብዛኛው የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙትን ነው የሚቀበለው፣ እሱም ብዙ ጊዜ እስከ 28ኛው ሳምንት ድረስ። ስለዚህ እዚያ «አይሆንም» ቢሉሽ አይክፋሽ። ሁለተኛ ልጅ ላይ ያሉትን የሚቀበሉ ሌሎች አሉ። ነርሷን «ሄልዚ ፋሚሊስ» ወይም «ፓረንትስ አዝ ቲቸርስ» በአካባቢያችን አለ ወይ በያት። የእርዳታ መረጃ መስመሩ 211 ላይ ብትደውዪም ይነግሩሻል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ከመፈረምሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

የልጅሽ ንግግር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ነው፣ እሱንም አታቆዪ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ዕድገታቸው ለዘገየ ልጆች ኧርሊ ኢንተርቬንሽን የሚባል እገዛ አለ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ይሉታል። የሐኪም ወረቀት አያስፈልግሽም፣ ራስሽ ደውለሽ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ምርመራው በነፃ ነው። ከደወልሽበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መርምረው፣ የሚገባው ከሆነ ለዕቅዱ ስብሰባ ሊጠሩሽ ይገባል። ሦስት ዓመት ሲሞላው ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይዞራል፣ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ወረፋ። ሳትወልጂ ጀምሪው፤ አራስ ሆነሽ ስልክ ላይ ወረፋ መጠበቅ ከባድ ነው።

የመጀመሪያውን የጉብኝት ቀን ባለቤትሽ እረፍት በሆነበት ቀን አስይዢው። ቁጭ ብሎ ይስማት፣ የፈራውን ራሱ ይጠይቃት። የእኔው ባል በሩ ላይ ቆሞ ነበር የጀመረው፣ በሦስተኛው ሳምንት ቡናውን እሱ ቆላ። መደወሉ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ጠዋት ከልጆች ትምህርት ቤት ስመለስ አብረን እንደውላለን። በሰላም ያገላግልሽ።